ቁርስ ሳይበላ ኮምቦልቻ

ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ስንት ያስኬዳል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ «ሰዓት አይሞላም» ይላችኋል። ውሸት አይደለም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት በማትሞላ መንገድ የተነሳ ሚስቴን ላጣ ለጥቂት የተረፍኩ ሰው ነኝ። እስቲ አረፍ በሉና ላጫውታችሁ።

ያኔ ከሚሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፤ ልዩነቱ ያኔ ሱቅ አልነበረኝም። አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና በሰው በረንዳ ላይ ዘርግቼ ከጠዋት እስከ ማታ እረግጣታለሁ። ሞባይል የሚባል ነገር ገና አገራችን አልገባም፤ ስልክ የፈለገ ሰው ቴሌ ሄዶ ወረፋ ይይዛል። አንሻን ያወቅኋት በዚያች በረንዳ ላይ ነው። ለገበያ ከእናቷ ጋር መጥታ «ቀሚሴን አጥብብልኝ» አለችኝ። በሳምንቱ «አስፋልኝ» ብላ መጣች። በሌላው ሳምንት ደግሞ መልሰህ አጥብብልኝ አለች። የቀሚስ ነገር እንዳልሆነ እኔም ገብቶኛል፣ እሷም ገብቷታል፣ እናቷም ሳይገባቸው አልቀረም።

አባቷ ሼህ ሙሄ የጨፋ ገበሬ ናቸው። ማሽላቸው የሰው ቁመት አልፎ የሚሄድ፣ ከብታቸው ሜዳውን የሚሞላ፣ ግን ወላሂ ሲስቁ ያየ ሰው የሌለ። ልጃቸውን እንደምፈልግ በጎረቤት አስነግሬ መልሳቸውን ስጠብቅ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው በረንዳዬ ድረስ መጥቶ የላኩትን ቃል በቃል ነገረኝ።

«ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በፊት ሽማግሌ ይላክ። ዓርብ ከሌላ ቤት ሽማግሌ ይመጣብኛል። ሐሙስ ቀድሞ ካልመጣ ለዓርቡ እንቢ የምልበት ምክንያት የለኝም። ደግሞ ያሳደገው ይማም ራሱ ይምጣ፤ የኪራይ ሽማግሌ ደጄን አይረግጥም ብለዋል።»

ይማም አጎቴ ናቸው፣ የአባቴ ወንድም። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ጨፋ ላይ ስማቸው የሚነሳው በሀብት አይደለም፣ በቃላቸው ነው። አንድ ጊዜ ሰንበቴ ገበያ አንድ የአፋር ነጋዴ «ይህን በሬ ልገዛህ ነው፤ እስክመለስ ከዚህች ዛፍ ስር እንዳትነሳ» ቢላቸው «እሺ» አሉ። ገበያው ተበተነ፣ ዝናቡ ወረደ፣ መሸ፤ አጎቴ ከነበሬው እዚያው አደሩ። ሰውየው ጠዋት ሲመጣ በሬውም እሳቸውም ረጥበው ጠበቁት። ነጋዴው በሬውን ገዝቶ ሲያበቃ ግንባራቸውን ስሟቸው ሄደ ይባላል። ሼህ ሙሄም «እሱ ራሱ ይምጣ» ያሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ችግሩ፣ አጎቴ ይማም ከሚሴ የሉም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት አዲስ አበባ ሄደው ታክመዋል፤ ልጃቸው ዘይነባ ዘንድ ናቸው። ረቡዕ ከሰዓት ሐኪሙ ሳያያቸው ንቅንቅ ማለት አይችሉም። ሐሙስ ንጋት በአውቶቡስ ቢሳፈሩ ደግሞ ከሚሴ የሚደርሱት አመሻሽ ላይ ነው። ይህን ስሰማ ክው አልኩ። መኪናዬን መርገጡን ትቼ ቴሌ ሮጥኩ።

ዘይነባ ስልኩን አንስታ ስትሰማኝ ቆየችና «ባሌ ያውቅበታል፣ በአውሮፕላን ይምጡ» አለች። በአውሮፕላን! እኔ አውሮፕላን አይቼ የማውቀው ከጨፋ ሰማይ ላይ ነው። አጎቴ ቀርበው ስልኩን ያዙ።

«ሁሴኔ፣ በሰማይ እልክዎታለሁ እያለችኝ ነው ይቺ ልጅ።»

«አዎ አጎቴ። ሐሙስ ጠዋት። ኮምቦልቻ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።»

«ሰማዩን እንኳ አልፈራም፤ ነፍስ በአላህ እጅ ናት። የምፈራው የማላውቀው አገር መውረድን ነው። ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ያገኘውን አታውቅም?»

አውቃለሁ። ጎረቤታችን አውቶቡስ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ሲነቃ ከሚሴ የደረሰ መስሎት ካራቆሬ ወርዶ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ አስረግጬ ነገርኳቸው።

«አጎቴ፣ ኮምቦልቻ ሳይደርሱ ማንም ሰው ውረዱ ቢልዎት እንዳይወርዱ። ማንም!»

«ማንም?»

«ማንም።»

«እሺ፣ ቃሌ ነው» አሉና ስልኩን ለዘይነባ መለሱ።

ሐሙስ ጠዋት ከጓደኛዬ ከሰይድ ጋር በኢሱዙው ወደ ኮምቦልቻ ወጣን። ሰይድን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለሱ ይህ ጨዋታ አይሞላም። ኢሱዙ ከመያዙ በፊት ለብዙ ዓመት በአዲስ አበባና ደሴ መንገድ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። ድምፁ! ከሚሴ መናኸሪያ ላይ ሆኖ ሲጣራ ሐርቡ ያለ ሰው ዕቃውን ይሰበስባል እያልን እንቀልድበት ነበር። መንገደኛ ሁሉ በድምፁ ያውቀዋል። መንገድ ሙሉ «አንሻን ከወሰድክ ለኔ ሸሚዝ በነፃ ትሰፋለህ» እያለ ሲያሾፍብኝ ሄድን። መኪናው ያለፈው ገበያ የጫነው ፍየል ሽታ አልለቀቀውም፤ ወደ ሽምግልና ሳይሆን ወደ ቄራ የምንሄድ ነው የምንመስለው።

ኤርፖርቱ አጥር ጋ ቆመን አንጋጠጥን። አውሮፕላኗ በተራራው በኩል ብቅ አለች፣ ዞረች፣ ወረደች። በሩ ተከፈተ፣ መሰላሉ ተዘረጋ። አንድ ነጋዴ መሰል ሰው ወረደ፤ ሕፃን ያቀፈች ሴት ወረደች፤ ቦርሳ ያንጠለጠሉ ሰዎች ተከተሉ። እጄን ለማውለብለብ አዘጋጅቼ ስጠብቅ ወራጁ አለቀ። አጎቴ የሉም።

«ሰይድ፣ አልተሳፈሩም!»

«ተረጋጋ፣ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።»

ቀስ ብሎም የወረደ የለም። ጥበቃው ወደ አጥሩ መጣና «የይማም ቤተሰብ ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ! ምን ሆኑ? ታመሙ?»

«ኧረ ምንም አልሆኑም። ደህና ተቀምጠዋል። ችግሩም እሱ ነው።» ሳቁን መቋቋም አቃተው። «አልወርድም ብለዋል። አውሮፕላኗ ደግሞ ላሊበላ ነው የምትቀጥለው። ቶሎ ካላወረዳችኋቸው ይዛቸው መሄዷ ነው።»

ላሊበላ! ሼህ ሙሄ ጨፋ ላይ ፀሐዩን እያዩ፣ የዓርቦቹ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እያጠቡ፣ የኔ ሽማግሌ ላሊበላ! ጥበቃው አስገባንና እየሮጥን መሰላሉን ወጣን።

አጎቴ ይማም ከመስኮቱ አጠገብ ተደላድለው ተቀምጠዋል። አንድ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ሌላው ዱሮም ደካማ ነው። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ዘይነባ የቋጠረችላቸውን ዳቦ ታቅፈው፣ የወንበሩ ቀበቶ እንደታሰረ ነው። አስተናጋጇ፣ አንዲት ጨዋ ልጅ፣ አጠገባቸው ተንበርክካ ትለምናለች። ላሊበላ የሚሄዱት ፈረንጆች ነገሩ ሳይገባቸው ፈገግ ፈገግ ይላሉ።

«አባባ፣ እመኑኝ፣ ኮምቦልቻ ደርሰናል።»

«ልጄ፣ አልተጣላሁሽም። ሂጂ፣ አንቺም ቁርስሽን ብዪ። እኔ ዳቦዬን ይዣለሁ፣ ዕቃም እጠብቅላችኋለሁ።»

ለካ እንዲህ ነው የሆነው። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን መንገድ በአውቶቡስ ነው የሚያውቁት። ከሱብሂ፣ ከንጋት ሶላት በኋላ ከአዲስ አበባ የተነሳ አውቶቡስ መጀመሪያ የሚቆመው ደብረ ሲና ነው፤ ለቁርስ። አውሮፕላኗም ሽቅብ ወጣች፣ ቁልቁል ወረደች፣ ቆመች። ለሳቸው ይህ የጣርማበርን ተራራ ወጥቶ መውረድ ነው። ሰው ሲነሳ «በሉ ቁርሳችሁን በልታችሁ ስትመለሱ እኔ እዚሁ ነኝ» እያሉ ሸኝተውታል።

«አጎቴ!» አልኩ።

ራሳቸውን ቀና አደረጉ። «ሁሴን? አንተ ደግሞ ደብረ ሲና ምን ትሠራለህ?»

«አጎቴ፣ ኮምቦልቻ እኮ ነው!»

«ልትቀበለኝ እስከዚህ ድረስ መጣህ? ምን ያደክምሃል፣ ኮምቦልቻ እጠብቃለሁ አላልክም?»

«ኮምቦልቻ ነዋ ያለሁት! ደርሰዋል!»

«አሁን ተሳፍሬ አሁን? አፌን እንኳ ሳላሟሽ? ሸዋ ሮቢት ሳይሞቀኝ?» ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ሁሴኔ፣ ጉጉት ነው እንዲህ የሚያደርግህ። ይገባኛል፣ እኔም ጎረምሳ ነበርኩ። ግን ማንም ቢለኝ እንዳልወርድ ቃል አስገብተኸኛል።»

«ያስገባሁዎት እኔ ነኝ እኮ! እኔው ነኝ ውረዱ የምልዎት!»

«ማንም አይደል ያልከው? ማንም ሲባል አንተም አለህበት።»

ኮምቦልቻ መሆኑን በኦሮምኛ ብነግራቸው ይሻል ይሆን ብዬ «ኩን ኮምቦልቻ ዳ፣ አጎቴ!» አልኳቸው። «ሂን ቡኡ!» አሉኝ፤ በኦሮምኛም አልወርድም። አስተናጋጇ ሰዓቷን አየች። ፓይለቱ ብቅ ብሎ «ምን ተወሰነ?» አለ። ማስገደድ ይቻላል እንዴ? ዓይናቸውን ገና የታከሙ አዛውንት ተጎትተው ይወርዳሉ? ደግሞ ተጎትቶ የወረደ ሽማግሌ ምን ልብ ኖሮት ልጅ ይጠይቅልኛል? እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። አንሻ ከነቀሚሷ ወደ ሌላ ሰው ቤት ስትሄድ ታየችኝ።

ይሄኔ ሰይድ ትከሻዬን ያዘና ገፋ አደረገኝ። «ዞር በል» አለኝ። ወደ በሩ ተመለሰ፣ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጎ በአንድ እጁ የበሩን ጠርዝ ያዘ፤ ልክ እንደ ዱሮው። ከዚያ አየር ሳበና ለቀቀው።

«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! የኮምቦልቻ ወራጅ! ዕቃችሁን እንዳትረሱ! ኮምቦልቻአአ!»

አውሮፕላኗ የተንቀጠቀጠች መሰለኝ። አንዷ ፈረንጅ ካሜራዋን ጣለች። አጎቴ ይማም ግን ከዘራቸውን አንስተው ወለሉን ደበደቡ።

«ወራጅ አለ!» አሉ በሙሉ ድምፃቸው። «ኧረ ወራጅ አለ! ጠብቁኝ!»

ብድግ ሲሉ ቀበቶው መልሶ አስቀመጣቸው። «ያዘኝ! ምን ያዘኝ?» አሉ ደንግጠው። አስተናጋጇ እየሳቀች ፈታችላቸው። ሰይድ በሩ ላይ ሲቀበላቸው በከዘራቸው እግሩን ነካ አደረጉት።

«ሰይዶ፣ ምነው እስካሁን ዝም አልክ? ረዳት ሳይጣራ ሰው ይወርዳል? ላሊበላ ልትወስደኝ ነበር እኮ ይቺ መኪና!»

ፓይለቱ በሳቅ ፈርሶ ግድግዳውን ተደግፏል። መሰላሉን ስንወርድ አጎቴ አንድ ጊዜ ቆሙ፣ ነፋሱን በአፍንጫቸው ሳቡ። «አልሐምዱሊላህ፣ የደብረ ሲና ብርድ አይደለም» አሉ። ከዚያ ዳቦውን ቆርሰው ለኔም ለሰይድም ሰጡን። «እንግዲህ ቁርስ ሳይበላ ኮምቦልቻ ከተደረሰ፣ ቁርሱን ኮምቦልቻ እንብላው።»

ሰይድ ኢሱዙውን አበረረው። ሐርቡን አለፍን። ጨፋ ሜዳ ስንገባ ግን አስፋልቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በከብት ተሞላ፤ ለግጦሽና ለቦርከና ውሃ የወረደ ከብት ነው። ሰይድ ጥሩንባውን ቢያጮህ ላሞቹ ጆሯቸውን ነው የሚያወዛውዙት። እኔ ጥላዬ እያጠረ ሲሄድ አያለሁ። አጎቴ ደግሞ ተዝናንተው «ለካስ ሰማይ የፈጠነው ከብት ስለሌለበት ነው» ይላሉ። ወርጄ በእጄ እየገፋሁ መንገድ ከፈትኩ። ለቀኑ ብዬ የለበስኩት አዲስ ኮት በላም ምራቅ ታጥቦ ነው ነገሩ ያለቀው።

ሼህ ሙሄ መንደር ጫፍ ስንደርስ ከአጎቴ ጋር እንዲገቡ የለመንኳቸው ሁለት ሽማግሌዎች ዛፍ ስር ቆመው ይጠብቁን ነበር። አጎቴ ሲወርዱ፣ ወላሂ እግራቸው መሬት ሲነካ፣ የዙሁር አዛን ተሰማ።

«አለቀ» አልኩ።

«ምንም አላለቀም» አሉ አጎቴ። «አላህ ሲጠራ ወደ ሌላ ጉዳይ የሚጣደፍ የለም። አብረን እንሰግዳለን፣ ከዚያ የሚሆነውን እናያለን። አንተ እዚሁ ቆይ።»

እንደምታውቁት ሽማግሌ የላከ ጎረምሳ ከቤቱ አይጠጋም። ዓይናቸው ገና ስላልዳነ ሰይድ እንዲመራቸው ይዘውት ሄዱ። እኔ ከኢሱዙው ጥላ ቁጭ ብዬ የሼህ ሙሄን ቆርቆሮ ቤት አያለሁ። ቆየ። በጣም ቆየ። ጥፍሬን ስነክስ፣ የኮቴን ቁልፍ ስጠመዝዝ፣ የራሴን ስፌት በራሴ እጅ ተረተርኩት።

ድንገት ከቤቱ ሳቅ ተሰማ። የአንድ ወፍራም ድምፅ ሳቅ፣ ከዚያ የብዙ ወንዶች፣ ከዚያ ከጓሮ የሴቶች። ሽማግሌ በተላከበት ቤት ሳቅ? ያሾፉባቸው መሰለኝ። አሳዳጊዬን በኔ የተነሳ መሳቂያ አደረግኳቸው ብዬ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ይህን እያሰብኩ ሰይድ ከበሩ ሲወጣ አየሁት። ቆመ፣ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ሁሴን! ደርሰሃል! የአንሻ ወራጅ!»

ውስጥ የሆነውን ኋላ ሰይድ አጫወተኝ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው ቀሩ፤ ጉዳያቸው ካልተፈጸመ አይቀመጡም። ሼህ ሙሄ ፊታቸውን አጥቁረው «ይማም፣ ወቅቱ አለፈ» አሏቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ከብት ያዘን ይል ነበር፤ ከብትም በእርግጥ ይዞናል። አጎቴ ግን «ከብቱ ምንም አላደረገ። እኔ ነኝ ከአውሮፕላን አልወርድም ብዬ ያስረፈድኩት» አሉ።

«ምን አልክ?»

አጎቴ ከደብረ ሲናው እስከ ቀበቶው አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ሼህ ሙሄ መጀመሪያ ጢማቸውን ያዙ፣ ቀጥሎ ሆዳቸውን፣ ከዚያ ግድግዳውን። ሚስታቸው እንኳ «እንዲህ ሲስቅ ካገባሁት ወዲህ ሰምቼ አላውቅም» ብለው ከጓሮ መጡ። ሼህ ሙሄ እንባቸውን በሽርጣቸው ሲጠርጉ ቆዩና «በል አሁን ተቀመጥ» አሏቸው።

«ሳትሰጡን አንቀመጥም» አሉ አጎቴ።

«አንተ ሰው! ሰማይ ላይ ተቀምጠህ አልነሳም አልክ፤ እዚህ ቆመህ አልቀመጥም ትላለህ። ካንተ ጋር ማን ይታገላል?» ከዚያ ቀና ብለው ለሁሉም ተናገሩ። «ቃሉን ይዞ ከመቀመጫው የማይነሳ ሰው ያሳደገው ልጅ፣ ልጄን ጥሎ አይነሳም። ሰጥቻለሁ። ፋቲሃ አድርጉ፣ በዱዓ ይታሰር።»

አጎቴም ተቀመጡ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ እኔ ያን ቀን የተለወጥኩት ሚስት ስላገኘሁ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ችኩል ነበርኩ፤ ቶሎ የደረሰ ሰው ሁሉ የበለጠ ይመስለኝ ነበር። የአጎቴን አለመንቀሳቀስ መሰላሉ ላይ ቆሜ ረግሜዋለሁ፤ ትዳሬን የሰጠኝ ግን እሱው ነው። ሰው መድረሱን በእግሩ ብቻ አያውቀውም፤ ልቡም እስኪደርስ የሚያምነው ድምፅ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ የሚዘገይብኝን ሰው አልጎትትም። ምን ዓይነት ጥሪ ነው የሚጠብቀው ብዬ እጠይቃለሁ። በትዳርም፣ በልጅም፣ በደንበኛም ይህ ረድቶኛል። ለሰይድ ሸሚዙን በነፃ ሰፍቼለታለሁ፤ እስካሁንም እየሰፋሁለት ነው።

አጎቴ ይማም የመጀመሪያ ልጃችንን አቅፈው፣ ለሁለተኛዋ ስም አውጥተው ነው ወደ አላህ የሄዱት። አላህ ይዘንላቸው። በቅርቡ ያቺ ስሟን ያወጡላት ልጃችን አዲስ አበባ ተመረቀችና እኔና አንሻ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሄድን። ለአንሻ የመጀመሪያዋ ነበር። መንገዱን ሁሉ እጄን ጨብጣ በመስኮቱ ታያለች። ወረድን፣ ቆምን፤ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሻንጣውን ማውረድ ጀመረ።

«ተነሺ እንጂ፣ ደርሰናል» አልኳት።

«ማን አለ?»

«አስተናጋጇ ተናገረች እኮ፣ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ግን ረዳቱ አልተጣራም።» እጇን አጣጥፋ ወንበሩን ተደገፈች። «ቁርስም አልበላሁም።»

ዞር ብዬ ሰዉን አየሁ። ኮት የለበሰ፣ ከረባት ያሰረ፣ ሁሉም ተጣድፏል። በጆሮዋ «ወራጅ» ብዬ አንሾካሾክኩላት።

«አልተሰማኝም» አለች።

ምን ይደረጋል? ተነሳሁ፣ ወንበሩን ያዝኩ፣ አየር ሳብኩ።

«አዲስ አበባ! የአዲስ አበባ ወራጅ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላ አንድ ሰው መሳቅ ጀመረ።

«ወራጅ አለ!» አለች አንሻዬ፤ ቀበቶዋን ፈታችና ተነስታ እጄን ያዘች።